የአዲስ አበባ የሕፃናት ማቆያዎች የጨቅላ ክፍል፦ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው የማቆያዎቹን የጨቅላ ክፍል ብቻ ነው፤ ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ያሉትን የሚይዘውን። መሮጥ የጀመሩት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለ3 ዓመት ልጅ እጅግ የሚመች ማቆያ ለ4 ወር ሕፃን ላይሆን ይችላል። ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ ግቢውን፣ መጫወቻውንና የግድግዳውን ሥዕል አይቶ ይመዘግባል፤ ከእነዚህ አንዱም ለጨቅላ አይጠቅምም።

3 ወር ያልነው በምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ ካልጨመረችበት፣ እናት ሥራ ስትገባ ልጇ ገና 3 ወሩ ነው፤ በየ3 ሰዓቱ የሚጠባ፣ ከቀኑ ግማሽ በላይ የሚተኛ፣ የፈለገውን በለቅሶ ብቻ የሚናገር። እስከ 6 ወሩ ደግሞ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም እንዳይቀምስ ይመከራል። ስለዚህ ማቆያው የሚረከበው ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን የቀሪዎቹን 3 ወራት የጡት ወተትም ጭምር ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። የጨቅላ ክፍልን ጥራት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንዲት ተንከባካቢ ስንት ሕፃን ትይዛለች? ያቺው ተንከባካቢስ ከወር ወር እዚያው ትቆያለች? ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ንጽሕናውም የሚበላሹት ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ነው።

ስሌቱን እንሥራው። አንድ የ4 ወር ሕፃን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ይቆያል እንበል። 3 ጊዜ ይመገባል፤ ታቅፎ፣ ሳይጣደፍ ጠጥቶ፣ ትከሻ ላይ ተይዞ እስኪያገሳ 20 ደቂቃ ቢፈጅ 60 ደቂቃ ነው። 5 ጊዜ ዳይፐር ይቀየርለታል፤ እጅ መታጠቡና መቀየሪያውን ማጽዳቱ ተጨምሮ በ6 ደቂቃ ቢያልቅ 30 ደቂቃ። 3 ጊዜ ይተኛል፤ ማስተኛቱና ሲነቃ ማንሳቱ 10 ደቂቃ ቢወስድ ሌላ 30 ደቂቃ። ድምሩ 2 ሰዓት መጣ፤ ይህም ማንም ሳያለቅስ፣ ማንም ሳይታመም ነው። 3 ሕፃናት የያዘች ሴት 6 ሰዓት ትሠራና 3 ሰዓት ለማቀፍ፣ ለማውራት፣ ለማጫወት ይተርፋታል። 4 ስትይዝ የሚተርፋት 1 ሰዓት ነው። 5 ሲሆኑ የ10 ሰዓት ሥራ በ9 ሰዓት ውስጥ ይግባ ማለት ነው፤ አይገባም። ያኔ የሚቀረው ሰው የማያየው ሥራ ነው። ጡጦው በትራስ ይደገፍና ሕፃኑ ተንጋሎ ብቻውን ይጠጣል፤ ይህ ለትንታም ለጆሮ ሕመምም ያጋልጣል። ዳይፐሩ ሲርስ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ይቀየራል። በሳሙና መታጠብ ቀርቶ እጅ በዋይፕስ ይጠረጋል። ሴትዮዋ ሰንፋ አይደለም፤ ሰዓቱ ስለማይበቃ ነው።

ሌላው ዓለምም የደረሰበት ቁጥር ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ሕግ ለ3 ጨቅላዎች 1 ተንከባካቢ፣ በአንድ ቡድንም ከ6 ያልበለጡ ሕፃናት ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ ለ4 ሕፃናት 1 ሆኖ ቡድኑ ከ8 እንዳይበልጥ፣ ቨርጂኒያም ለ4 ሕፃናት 1 ይላሉ። እንግሊዝ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ለ3 ሕፃናት 1 ነው። በነዚያ አካባቢዎች በማቆያ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት አሉ፤ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፣ ቁጥሩን በቃላቸው ይነግሯችኋል። የቡድኑ መጠን ለብቻው መታየቱም አለምክንያት አይደለም። 12 ጨቅላዎችን ከ4 ተንከባካቢዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማድረግ በወረቀት ሲሰላ ለ3 ሕፃናት 1 ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሲያለቅስ 11ዱ ይነቃሉ፣ አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ለ11ዱ ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ ተጀምሮ ከ1,300 በላይ ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ተንከባካቢዋ የምትይዛቸው ሕፃናት ጥቂት፣ ቡድኑም አነስተኛ ሲሆን፣ ለሕፃኑ ድምፅ የምትመልሰው፣ የምታቅፈውና የምታወራው ይበልጥ ነበር፤ ይህን ያገኙ ልጆችም በቋንቋና በማሰብ ችሎታ በመጠኑ የተሻሉ ሆኑ። ከማቆያው ይልቅ የቤተሰቡ ድርሻ እንደሚበልጥም ያው ጥናት አሳይቷል፤ ማቆያ ለመጠቀም የተገደደች እናት ይህንን ብታውቅ ጥሩ ነው።

ማቆያዎች ለጎብኚ የሚያሳዩት የጠዋቱን 4 ሰዓት ነው። ያኔ ሁሉም ሠራተኛ አለ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። የሚፈርሰው ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት፣ ሠራተኞች በየተራ ምሳ ሲወጡ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀድመው የሚወጡት ሲሄዱና የቀሩት ልጆች አንድ ክፍል ሲሰበሰቡ። የ4 ዓመት ልጅ የሚጫወትበት ዶቃና ትንንሽ ቁራጭ ወለል ላይ ያለ ጨቅላ አፍ ውስጥ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ ማቆያ ማየት የሚፈልግ በ7 ሰዓት ይሂድ። «አሁን ሕፃናት ተኝተዋል፣ ጠዋት ይምጡ» ካሉት፣ ሳይረብሽ በበሩ መስታወት ለማየት ይጠይቅ። ያንንም ከከለከሉት ሌላ ማቆያ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ እጅ አለመቀያየሩ ነው። ጥሩ የጨቅላ ክፍል ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ዋና ተንከባካቢ ይመድባል። የምታበላው፣ የምትቀይረው፣ የምታስተኛው እሷው ናት፤ ማታ ለእናቱ ስለ ውሎው የምትነግረውም እሷ። አንድ ሴት ማብላት ብቻ፣ ሌላዋ ዳይፐር መቀየር ብቻ፣ ሦስተኛዋ ማስተኛት ብቻ ሲሠሩ ሥራው የተቀላጠፈ ይመስላል፤ ሕፃኑ ግን በቀን ሦስት ሰው ተነካክቶ አንዷንም አያውቃትም። የሕፃናት ሐኪሟ ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 ቡዳፔስት ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ያሳየችው ይህንኑ ነበር። ማልበስ፣ ማጠብና ማብላት ቶሎ ተሠርቶ የሚያልቅ ጣጣ ሳይሆን ሕፃኑ ከሰው ጋር የሚገናኝበት ዋናው ሰዓት ነው፤ ተንከባካቢዋም ልታነሳው ስትል «አሁን ላነሳህ ነው» ብላ እጇን ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ወጪ የለውም። ጊዜና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፣ ወደ ስሌቱም ይመልሰናል።

ሕፃን ከ7 ወር ገደማ ጀምሮ የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው በግልጽ ይለያል፣ ለባዕድ ያለቅሳል። ተንከባካቢ ለመቀየር ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ብዙ ማቆያዎች ግን መስከረም ሲጠባ ክፍል ያቀያይራሉ፣ ዕድሜውን ሳያዩ። ከዚህም በላይ የሚያቀያይረው ደመወዝ ነው። ለቀለምና ለመጫወቻ ወጪ የማይሳሳ ባለቤት የተንከባካቢዋን ደመወዝ ቆጥቦ ይይዛል፤ እሷም ትንሽ የሚሻል ሲገኝ ትሄዳለች፣ ስለ ስምንት ሕፃናት እንቅልፍና ለቅሶ የምታውቀውን ሁሉ ይዛ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇን ሳይሆን ተንከባካቢዋን ራሷን «እዚህ ከገባሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በክፍሉ ካሉት መካከል አንዷም ዓመት ካልሞላት፣ የምትከፍሉት ለሕንፃው ነው።

ወተቱ ጋ እንምጣ፤ ብዙ ማቆያዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። የታለበ የእናት ጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በረዶ ሆኖ የነበረ ወተት ከቀለጠ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ24 ሰዓት አያልፍም፣ ተመልሶም በረዶ አይደረግም። ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይደፋል። ለዚህ ነው እናት በትልቅ ጡጦ ከመላክ በ60 እና በ90 ሚሊ ሊትር ከፋፍላ ብትልክ የሚሻላት። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሕፃኑ ስም፣ ቀኑና የታለበበት ሰዓት መጻፍ አለበት። ሲሞቅ ዕቃውን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ በማቆም ነው እንጂ ምድጃ ላይ ወይም በማይክሮዌቭ አይደለም፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን ያፈላና ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል።

የሚበላሸው በምን መንገድ እንደሆነ ይታወቃል። የሕፃናቱ ፍሪጅ የሠራተኞች ምሳና የወጥ ቤቱ ሥጋ የሚቀመጥበት ፍሪጅ ነው፤ በየደቂቃው ይከፈታል። ወተቱ በበሩ መደርደሪያ፣ ሙቀት በሚለዋወጥበት ቦታ ይቆማል፤ መቀመጥ ያለበት ከኋላ ነው። ውስጡ ቴርሞሜትር ስለሌለ 4 ዲግሪ ይሁን 10 የሚያውቅ የለም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሪጁ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ጥያቄው መቼ እንደጠፋ የመዘገበ ሰው አለ ወይ ነው። ጥሩ ማቆያ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ የጠፋበትን ሰዓት ይጽፋል፣ በረዶ ያለው ማቀዝቀዣ ሣጥንም አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የአንዱ ሕፃን ወተት ለሌላው ከተሰጠ ለሁለቱም እናቶች ወዲያው ይነገራል፣ ሐኪምም ይጠየቃል፤ ይህን የሚደብቅ ማቆያ ሌላም ይደብቃል።

ጡጦ በደንብ ማጠብና መቀቀል በማይቻልበት ቦታ በትንሽ ሲኒ ማጠጣት ይመረጣል። ሲኒ ቶሎ ይጸዳል፣ ጠባብ ጫፍ ስለሌለው ጀርም አይደብቅም። ነገር ግን ሲኒ ትራስ ላይ አይደገፍም፤ የሰው እጅ ግድ ይላል። የዱቄት ወተት ለሚወስዱት ውኃው ከፈላ በኋላ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይጨመራል፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነፃ አይደለም። ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጣል። መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ ማንኪያ። ቆርቆሮው ቶሎ እንዳያልቅ ማቅጠን ለሕፃኑ አደገኛ ነው፤ ዋጋው በናረበት በዚህ ጊዜ ይህ እንዳይደረግ ወላጅም ማቆያም መጠንቀቅ አለባቸው።

ከ6 ወር በኋላ ያለው ምግብ ከአጥሚት ይልቅ ወፈር ያለ ገንፎ መሆን አለበት። በማንኪያ ተይዞ ወዲያው የሚፈስ ከሆነ ሆድ የሚሞላው ውኃው ነው። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ። በምጥኑ ላይ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመር። ማር እስከ 1 ዓመት ድረስ ጭራሽ አይሰጥም፣ «ትንሽ ለጉሮሮው» ተብሎም ቢሆን፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ረቂቅ ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት አድጎ ሰውነትን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር፦ በሁዳዴና በሌሎች አጽዋማት አንዳንድ ወጥ ቤት ድስቱ እንዳይነካካ ብሎ የጨቅላዎቹንም እንቁላልና ወተት ያቋርጣል። ሕፃን ጾም የለበትም። ለጨቅላዎቹ አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ መመደብ ችግሩን ይፈታዋል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

እንቅልፍ። ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ልል ብርድ ልብስ፣ ያለ አሻንጉሊት ይተኛል። ፍራሹ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ገጥሞ ክፍተት መኖር የለበትም። በአዲስ አበባ ብርድ ይህ ለእናቶች ከባድ ነው፤ ጋቢ ካልደረበ ልጁ የሚታመም ይመስላቸዋል። መልሱ ልብሱን አንድ ድርብ መጨመር ወይም እንደ ከረጢት የተሰፋ መተኛ ልብስ ማልበስ ነው፣ ፊት ላይ የሚወጣ ጨርቅ አልጋው ውስጥ አለማስገባት። አጥብቆ መጠቅለልም ልጁ መገልበጥ ሲሞክር ይቆማል፤ ይህ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ነው፣ ልክ ማቆያ በሚገባበት ጊዜ። የአንገት ማተብና ክታብ ሲተኛ አንገቱ ላይ መቆየት የለበትም። ነገሩ የእምነት ስለሆነ ሞግዚቷ በራሷ አትፈታውም፤ ማቆያው በምዝገባ ቀን ለወላጅ አስረድቶ፣ ለምሳሌ በልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በክር ተሰፍቶ እንዲቀመጥ ቢስማማ ይሻላል። በክረምት ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ፍጹም የተከለከለ መሆን አለበት፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። ቡናውም ከነዕጣኑና ከነጀበናው በሌላ ክፍል ይፈላ።

ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው በቅደም ተከተሉ ነው። አስፈላጊው ዕቃ ሁሉ ቀድሞ ይቀርባል፣ ምክንያቱም ሕፃኑ ከተኛ በኋላ አንድ እጅ ከእሱ አይነሳም። ይጠረጋል፣ ከፊት ወደ ኋላ። የቆሸሸው ዳይፐር ተጠቅልሎ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ንጹሑ ዳይፐር የሚታሰረው ጓንቱ ወልቆ እጅ ከተጠረገ በኋላ ነው። የሕፃኑም እጅ ይታጠባል። ከዚያ መቀየሪያው በመጀመሪያ በሳሙናና ውኃ ይጸዳል፣ ቀጥሎ በረኪና ይቀባል፤ ቆሻሻ ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ በረኪናው ኃይሉን ያጣል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ በቂ ነው፤ 2 ደቂቃ ቆይቶ ይጠረጋል። ድብልቁ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጃል፣ ከሌላ ማጽጃም ጋር አይደባለቅም። በመጨረሻ ተንከባካቢዋ በሳሙና ለ20 ሰከንድ ትታጠባለች። ቧንቧው ከመቀየሪያው በክንድ ርቀት ካልሆነ ይህ አይደረግም፤ ኮሪደር ተሻግሮ ለመታጠብ ሕፃናቱን ትቶ መሄድ አይቻልም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ።

ቀሪው አጭር ነው። የክትባት ካርድ በምዝገባ ጊዜ መታየት አለበት፦ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ፣ ኋላም የ9 ወሩ። 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ላለው፣ ገና 3 ወሩ ገደማ ለሆነ ሕፃን ወላጅ ማታ እስኪመጣ አይጠበቅም። ነቅቶ ሳለ በቀን በጥቅሉ 30 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ፣ በመቀመጫ ታስሮ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ቴሌቪዥን ለዚህ ዕድሜ ጥቅም የለውም፣ በልጆች መዝሙርም ቢሆን። ካናዳ ባለ ጎማውን ድክድክ እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ አግዳዋለች፤ ደረጃ ባለው ቪላ ውስጥ እንዳይገኝ።

ሦስቱን ዓይነት ማቆያ፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ የግሉንና ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር የተያያዘውን፣ ስናነጻጽር ለጨቅላ የምናስቀድመው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ መጫወቻው ያረጀ ቢሆንም እናት ወርዳ ታጠባለች፤ ከወተቱ ችግር ግማሹ ይጠፋል፣ ማንም ሳይጠራትም በማንኛውም ሰዓት ትገባለች። ደካማ ጎኑ የተንከባካቢው ቁጥር በበጀት እንጂ በሕፃናቱ ብዛት አለመወሰኑ ነው። በመኖሪያ ሰፈር ቪላ ውስጥ የተከፈቱት የግል ማቆያዎች ከሁሉም የተራራቁ ናቸው፤ እጅግ ጥሩውም እጅግ መጥፎውም እዚያ ነው። ጨቅላ ክፍሉ ምድር ቤት ሆኖ ዋናዋ ተንከባካቢ ዓመታት የቆየችበት ከተገኘ ዋጋው ውድ አይባልም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር ተያይዘው ለተከፈቱ የጨቅላ ክፍሎች ዝቅተኛ ነጥብ እንሰጣለን። ሕፃኑ የሚውለው በትምህርት ቤቱ ደወል ነው፤ እንቅልፉም ምግቡም በክፍል ፕሮግራም ይታሰራል፣ የ5 ወር ሕፃን ግን ሲርበው ይበላል፣ ሲደክመው ይተኛል።

የመረጣችሁት ማቆያ የማላመጃ ሳምንት እንዳለው አረጋግጡ። በመጀመሪያው ቀን እናት አብራ 1 ሰዓት ትቀመጣለች፣ ተንከባካቢዋም ሕፃኑ እንዴት እንደሚጠባና እንደሚተኛ እያየች ትጽፋለች። በሁለተኛው ቀን ተንከባካቢዋ እናት ባለችበት ትመግበዋለች። በሦስተኛው እናት ለ30 ደቂቃ ትወጣለች። በአራተኛው አንድ እንቅልፍ እዚያው ይተኛል፣ በአምስተኛው ግማሽ ቀን ይውላል። ይህ እንዲሆን ፈቃዱ ከማለቁ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። «ሁለት ቀን ቢያለቅስ ይለምዳል፣ በር ላይ ትተውት ይሂዱ» ለሚል ማቆያ ክፍያ አትፈጽሙ።